ፔስታሎዚ፣ የድሆች ልጆች መምህር

ከንባብ በፊት

1. አንድ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት በደስታ እንዲሄድ የሚያደርጉት ነገሮች ምን ምን ናቸው?
2. አንድ መምህር በተማሪዎቹ ዘንድ የሚወደደው በምን በምን ምክንያት ይመስላችኋል?

ቀጥሎ የቀረበውን ምንባብ ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ምንባብ

ትምህርት ቤት ሁልጊዜ የደስታ ስፍራ ሆኖ አልኖረም። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመታት በፊት በብዙዎቹ የአውሮፓ መንደሮች ሕፃናት የሚማሩት በጠባብና በጨለማ ክፍል ውስጥ ተፋፍገው ነበር። መምህሩም ብዙውን ጊዜ ለመምህርነት የሠለጠነ ሰው ሳይሆን ኑሮውን ለመደጎም ልጆችን የሚያስተምር ጫማ ሰፊ፣ ሸማኔ ወይም ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወታደር ነበር። ተማሪዎቹ ትርጉሙን ያልተረዱትን ቃል ደጋግመው እየጮሁ በቃላቸው ያጠናሉ፤ የተሳሳተው በልምጭ ይገረፋል፤ ያልገባው ደግሞ እንደ ሰነፍ ተቈጥሮ ይሰደባል። የድሃ ልጅ ከሆነ ግን ይህንንም ዕድል ሳያገኝ በልመናና በጉልበት ሥራ ያድጋል። ይህ ልማድ እንዲለወጥ ዕድሜ ልካቸውን ከደከሙት ሰዎች መካከል አንዱ የስዊስ አገር ተወላጅ የሆነው ዮሐን ሄንሪክ ፔስታሎዚ ነው።

ፔስታሎዚ በጃንዋሪ 12 ቀን 1746 ዓ.ም. በዙሪክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር፤ ነገር ግን ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው ቤተ ሰቡን ለችግር ጥሎ ሞተ። እናቱ ሱዛና ልጆችዋን ለማሳደግ የቻለችው ባቤሊ በተባለች ታማኝ የቤት ሠራተኛ ርዳታ ነበር። ባቤሊ ቤተ ሰቡን ጥላ እንዳትሄድ ለሟቹ ጌታዋ በአልጋው አጠገብ ቃል ገብታለት ስለ ነበር፣ ብዙ ደመወዝ የሚከፍላት ሌላ ቤት ሳትፈልግ እስከ መጨረሻው ቃልዋን ጠበቀች። ከገበያ ርካሽ ነገር ለማግኘት እስከ ገበያው መበተኛ ድረስ ትጠብቃለች፤ ልጆቹም ልብሳቸውንና ጫማቸውን እንዳይጨርሱ ወደ ውጭ ወጥተው እንዳይጫወቱ ትከለክላቸው ነበር።

በዚህ ምክንያት ሕፃኑ ፔስታሎዚ ከእኩዮቹ ጋር መሮጥና መጫወት ሳይማር አደገ። ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ እንቅስቃሴው ያልተቀናጀ፣ አለባበሱ የተዝረከረከ፣ አሳቡም የሚባዝን ስለ ነበር ጓደኞቹ ተሳለቁበት፤ ሞኝነቱን የሚያመለክት ቅጽል ስምም አወጡለት። ጽሕፈቱም ሆነ የቃላት አጻጻፉ መምህራኑን አያስደስትም ነበር። ሆኖም ይህ ልጅ አእምሮው የጐደለ አልነበረም፤ የገባውን ነገር ከሌሎቹ ይበልጥ በጥልቅ ይረዳ ነበር። በትምህርት ቤት ባይተዋር ሆኖ መቀመጥ ምን ያህል ልብን እንደሚያቆስል ያወቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ ሕይወት ነው።

ሌላው ታላቅ ትምህርት ያገኘው ከአያቱ ነበር። አያቱ እንድርያስ በዙሪክ አጠገብ በምትገኝ ሆንግ በምትባል መንደር ቄስ ነበር። ፔስታሎዚ በዕረፍት ጊዜ ወደዚያ እየሄደ፣ አያቱ የታመሙትንና የተቸገሩትን በየቤታቸው ሲጠይቅ አብሮ ይዞር ነበር። በዚያን ጊዜ የከተማው ሰው በገጠሬው ላይ ብዙ መብት ነበረው፤ የመንደሩ ልጆችም ሮጠው ያልጠገቡ ገና ለጋ ሳሉ ወደ ፈትልና ወደ ሽመና ሥራ ይገቡ ነበር። ልጁ የእነዚህን ሕፃናት የገረጣ ፊት አይቶ አዘነ፤ ኀዘኑም ከዕድሜው ጋር እያደገ ሄደ።

ወጣት በሆነ ጊዜ በዙሪክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ። የፈረንሳይኛ ቋንቋ ደራሲው ሩሶ በ1762 ዓ.ም. ያሳተመው፣ ሕፃን እንደ ተፈጥሮው ማደግ ይገባዋል የሚለው «ኤሚል» የተባለ መጽሐፍ የብዙ ወጣቶችን ልብ ማርኮ ነበርና ፔስታሎዚም በዚህ አሳብ ተነካ። መጀመሪያ ቄስ፣ ቀጥሎም የሕግ ባለሙያ ሆኖ ሕዝቡን ለመርዳት አሰበ፤ በመጨረሻ ግን ሁለቱንም ትቶ የግብርና ሙያ ተማረ። በ1769 ዓ.ም. አና ሹልትሄስ የተባለችውን የዙሪክ ነጋዴ ልጅ አገባ። አና በዕድሜ ትበልጠው ነበር፤ ቤተ ሰቧም ይህን ድሃና ዝርክርክ ወጣት አልወደደውም። እርስዋ ግን መልካም ልቡን አይታ መረጠችው፤ በመከራውም ሁሉ አልተለየችውም።

ባልና ሚስቱ ቢር በተባለች መንደር አጠገብ መሬት ገዝተው ኖይሆፍ የሚል ስም ሰጡት። መሬቱ ጭንጫ፣ የፔስታሎዚም የአስተዳደር ችሎታ አነስተኛ ስለ ነበር እርሻው ከሰረ። ሌላ ሰው ቢሆን የቀረውን ጥሪት ይዞ ወደ ከተማ በተመለሰ ነበር። ፔስታሎዚ ግን በ1774 ዓ.ም. በየመንገዱ የሚለምኑትን ልጆች ሰብስቦ ወደ ቤቱ አስገባ። አሳቡ ልጆቹ በበጋ እርሻ እያረሱ፣ በክረምት ጥጥ እየፈተሉና እየሸመኑ፣ በሥራው መካከልም ንባብ፣ ጽሕፈትና ቁጥር እየተማሩ በላባቸው እንዲተዳደሩ ነበር። በ1778 ዓ.ም. በቤቱ የነበሩት ልጆች 37 ደርሰው ነበር።

ይሁን እንጂ የሕፃናት ጉልበት ለራሳቸው ቀለብ እንኳ የሚበቃ አልሆነም። አንዳንድ ወላጆችም ልጆቻቸው ከጠገቡና አዲስ ልብስ ከለበሱ በኋላ መጥተው ይወስዷቸው ነበር። የአና ውርስ በሙሉ በዕዳ አለቀ፤ በ1780 ዓ.ም. ቤቱ ተዘጋ። ጎረቤቶቹ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚለውን ዓይነት ፌዝ አወረዱበት። ፔስታሎዚ ግን ከዚህ ውድቀት አንድ እውነት ይዞ ወጣ፤ ይኸውም እጅግ የተጐሳቈለ ልጅ ንጹሕ አየር፣ ምግብና የሚወደው ሰው ካገኘ በጥቂት ወራት ውስጥ ሊለወጥ እንደሚችል ነው።

ከዚያ በኋላ ለ18 ዓመታት በድህነት እየኖረ መጻሕፍት ጻፈ። በ1781 ዓ.ም. የታተመው «ሊንሃርትና ገርትሩድ» የተባለው ልብ ወለድ ስሙን በብዙ አገር አስጠራው። መጽሐፉ የግንበኛ ሚስት የሆነችው ገርትሩድ ልጆችዋን በጎጆዋ ውስጥ ሥራና ትምህርት እያስተማረች ቤትዋን፣ ከዚያም መንደርዋን እንዴት ለማሻሻል እንደቻለች ይተርካል። በ1792 ዓ.ም. የፈረንሳይ የሕዝብ ምክር ቤት ለሰው ልጅ ነጻነት ጠቅመዋል ለሚላቸው የውጭ አገር ሰዎች የክብር ዜግነት ሲሰጥ ፔስታሎዚ ከእነርሱ መካከል አንዱ ነበር። ክብሩ ግን አላረካውም። የሚመኘው ደራሲ ተብሎ መጠራትን ሳይሆን ልጆችን ማስተማርን ነበር።

ምኞቱ የተፈጸመው በታላቅ መከራ ጊዜ ነው። በ1798 ዓ.ም. የፈረንሳይ ጦር ስዊስን በያዘ ጊዜ የኒድቫልደን ሕዝብ ለአዲሱ መንግሥት አንገዛም ብሎ ተነሣ። በሴፕቴምበር 9 ቀን ወታደሮቹ ስታንስ በተባለችው ከተማና በአካባቢዋ ላይ ወርደው ብዙ ሰው ገደሉ፤ ቤቶችን አቃጠሉ። እጓለ ማውታ የሆኑት ሕፃናት ሜዳ ላይ ቀሩ። መንግሥትም የልጆቹን ነገር ለፔስታሎዚ አደራ ሰጠው። በጃንዋሪ 1799 ዓ.ም.፣ ዕድሜው 53 ዓመት ሲሞላ፣ ከአንድ የሴት መነኮሳት ገዳም በተሰጡት ክፍሎች ውስጥ ልጆቹን ተቀበለ። ግንባታው ገና አላለቀም ነበርና ክፍሎቹ በአቧራ የተሞሉ ነበሩ፤ ወጥ ቤቱም አልተዘጋጀም። ከአንዲት የቤት ሠራተኛ በቀር ረዳት አልነበረውም።

የመጡት ሕፃናት ቁጥር ወደ 80 ይደርስ ነበር። አብዛኞቹ እከክ የወረሳቸው፣ ቅማል የወረራቸው፣ በረኃብ ብዛት አጥንታቸው የወጣ ነበሩ። አንዳንዶቹ ሰው ሲቀርባቸው ይደነግጣሉ፤ ሌሎቹ መዋሸትንና መለመንን ለምደዋል፤ ቀድሞ የተመቻቸው የነበሩት ደግሞ ከድሆቹ ጋር መቀመጥን ንቀዋል። ከዚህም ሌላ የአካባቢው ሕዝብ የካቶሊክ እምነት ተከታይ ሲሆን ፔስታሎዚ ፕሮቴስታንት ነበረ። ቤታቸውን ያቃጠለው ወገን የላከው ሰው እንደሆነ ስለ ቈጠሩት በጥርጣሬ ተመለከቱት።

ፔስታሎዚ ሥራውን በመጽሐፍ አልጀመረም፤ ደንብ በመደንገግም አልጀመረም። ልጆቹን በገዛ እጁ አጠባቸው፤ ቁስላቸውን ጠረገ፤ የበሉትን በላ፤ በመካከላቸው ተኛ። ማታ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ድረስ ያጫውታቸዋል፤ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ይነሣል። በርግጥ ፈጽሞ አልተቈጣም ማለት አይቻልም። ልጆቹ ክፉ ሲሠሩ አልፎ አልፎ በጥፊ የመታበት ጊዜ እንደ ነበር ራሱም አልሸሸገም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ለእነርሱ ሲደክም የሚያዩት ልጆች ቍጣው የጥላቻ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ትምህርቱንም እንዲሁ በቀላል ዘዴ አካሄደው። መጻሕፍት ስላልነበሩት ልጆቹ ከእርሱ እየተቀበሉ አብረው ይናገራሉ፤ የገባው ላልገባው ያስረዳል፤ ታላቁ ታናሹን በትከሻው አቅፎ ፊደል ያስቈጥረዋል። ስለዚህ ትናንት የተጣሉት ልጆች እንደ ወንድማማች መተያየት ጀመሩ።

በኤፕሪል ወር አልትዶርፍ የተባለችው ጎረቤት ከተማ በእሳት ጋየች። ፔስታሎዚ ሕፃናቱን ሰብስቦ በዚያች ከተማ ብዙ ልጆች ቤት አልባ መሆናቸውን ነገራቸውና ሃያ የሚሆኑትን ለመቀበል ፈቃዳቸውን ጠየቀ። ሁሉም በአንድ ድምፅ እሺ አሉ። እርሱ ግን ፈጥነው እንዳይወስኑ አስጠነቀቃቸው። የቤቱ ገንዘብ ጥቂት እንደሆነ፣ እንግዶቹ ቢመጡ ምግባቸው እንደሚቀንስ፣ ሥራቸው እንደሚበዛ፣ ልብሳቸውንም መካፈል እንደሚኖርባቸው አንድ በአንድ አስረዳቸው። ልጆቹ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላም አሳባቸውን አልለወጡም። ከጥቂት ወራት በፊት ለአንድ ቁራሽ ዳቦ ይጣሉ የነበሩ ሕፃናት አሁን የማያውቁትን እንግዳ ለመቀበል ሲሉ መራብን መረጡ። ከፔስታሎዚ የሕይወት ዘመን ሥራዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ፍሬ ማግኘት ያስቸግራል።

ደስታው ግን አልቈየም። በጁን 1799 ዓ.ም. ጦርነቱ እንደገና ስለ ተቃረበ የፈረንሳይ ጦር ሕንፃውን ለቁስለኞች ሆስፒታል ፈለገው። ፔስታሎዚ ለልጆቹ ልብስና ጥቂት ገንዘብ ሰጥቶ አብዛኞቹን አሰናበተ። ከአምስት ወር ድካም በኋላ ደም እያስተፋው ወደ ተራራ ለሕክምና ሄደ። ሰዎች ግን አሁንም ወደቀ ብለው አሙት።

ጤናው መለስ እንዳለለት፣ በዚያው ዓመት በጋ ላይ፣ ወደ ቡርግዶርፍ ከተማ ሄዶ ማንም የማይመኘውን ሥራ ጠየቀ፤ ይኸውም በድሆች ሰፈር የታናናሾቹ ሕፃናት መምህር መሆን ነው። ክፍሉ የአንድ ጫማ ሰፊ ቤት ነበር። ጫማ ሰፊው በአንድ ወገን እንደ ቀድሞው በቃል ሲያስጠና፣ ፔስታሎዚ በሌላው ወገን ሕፃናቱን ያዩትን ነገር እንዲናገሩ ያለማምዳቸው ነበር። በመጽሐፍ ያልተደገፈ ትምህርት ያላመኑት ወላጆች፣ በልጆቻችን ላይ ሙከራ አይደረግም ብለው አስወጡት። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ ሠራ፤ በማርች 1800 ዓ.ም. ግን የከተማው የትምህርት ኮሚሽን ሕፃናቱን ፈትኖ ባሳዩት እድገት ተደነቀ። ከዚያም በከተማው ግንብ ውስጥ የራሱን ትምህርት ቤት እንዲከፍት ተፈቀደለት።

የፔስታሎዚ የማስተማር ዘዴ መሠረቱ ቀላል ነው። ሕፃን አስቀድሞ ነገሩን በዓይኑ ይይ፣ በእጁ ይዳስስ፤ ስሙንና ትርጉሙን ከዚያ በኋላ ይማር ይላል። በቡርግዶርፍ አሮጌ የግድግዳ ልባስ ተቀድዶ ነበር። ተማሪዎቹ በዚያ ፊት ቆመው ቀዳዳውን፣ ቅርጹን፣ ርዝመቱንና ቀለሙን እያስተዋሉ አረፍተ ነገር ይሠሩ ነበር። ቁጥርንም በጠጠርና በባቄላ ይጀምራሉ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ትምህርት ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው መሄድ አለበት። አእምሮ፣ ልብና እጅም አብረው መሠልጠን ይገባቸዋል። ይህን አሳብ በ1801 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸው። አንዳንድ የቁጥርና የቃላት ልምምዶቹ ከመደጋገማቸው የተነሣ አሰልቺ እንደ ነበሩ አይካድም፤ ዋናው አሳብ ግን ጸንቶ ኖረ።

በ1805 ዓ.ም. ሥራው በኢቨርዶን ከተማ፣ በሐይቅ ዳር በሚገኝ አሮጌ ግንብ ውስጥ ተደራጀ፤ እስከ 1825 ዓ.ም. ድረስም ቈየ። ከልዩ ልዩ የአውሮፓ አገሮች ልጆች መጡ። የሀብታም ልጆች ከሚከፍሉት ላይ መክፈል የማይችሉ ልጆችም አብረው ይማሩ ነበር። የግንቡ በር ቀኑን ሙሉ ክፍት ነበር፤ ዘበኛም አልነበረውም። ልጆቹ ግን ቤታቸው መስሎ ስለሚታያቸው አይኮበልሉም። መምህራኑ ከተማሪዎቹ ጋር ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ በሐይቁ ይዋኛሉ፣ ተራራ ይወጣሉ። ለጂኦግራፊ ትምህርት ተማሪዎቹ በአቅራቢያው ወደሚገኘው ሸለቆ ወርደው አቀማመጡን ካስተዋሉ በኋላ ጭቃ ይዘው ይመለሱና ሸለቆውን በጠረጴዛ ላይ ይሠሩታል። ካርታ የሚሰጣቸው ከዚያ በኋላ ነበር።

ፔስታሎዚ በመልኩ የሚያምር ሰው አልነበረም። ፊቱ በፈንጣጣ የተበሳሳ፣ ጠጕሩ የቆመ፣ ካልሲው የወረደ ነበር። ተማሪዎቹ ግን አባት ብለው ይጠሩት ነበር፤ ያልታየ ቀን ይናፍቁታል። መምህራን ስለ እያንዳንዱ ተማሪ ጠባይ ይነግሩታል፤ እርሱም ምሽት ላይ ልጁን ለብቻው ጠርቶ ምን እንዳስከፋው፣ ምን እንደቸገረው በለሰለሰ ቃል ይጠይቀዋል። በሰው ፊት አያዋርደውም።

በመጨረሻው ዘመን በመምህራኑ መካከል ቅራኔ ተነሣ፤ ሽማግሌው ፔስታሎዚም ሊያስታርቃቸው አልቻለም። ትምህርት ቤቱ ተዘጋና ወደ ኖይሆፍ ተመለሰ። ሚስቱ በ1815 ዓ.ም.፣ አንድ ልጁም ከእርስዋ ቀድሞ በ1801 ዓ.ም. ሞተው ነበር። በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1827 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ ዐረፈ፤ በቢር መንደር በትምህርት ቤት አጠገብም ተቀበረ።

አሳቡ ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። የፕሩሲያ መንግሥት ወጣት መምህራንን ወደ ኢቨርዶን ልኮ አሠልጥኖ ነበር። በዚያ ከ1808 እስከ 1810 ዓ.ም. የቈየው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮበል በኋላ የመዋዕለ ሕፃናትን ትምህርት መሠረተ።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ የፔስታሎዚ ሕይወት አንድ ነገር ያስተምረናል። ትምህርት ቤትን የደስታ ስፍራ የሚያደርገው የሕንፃው ውበት ብቻ አይደለም። በስታንስ ውብ ሕንፃ አልነበረም፤ በቂ ምግብም አልነበረም። ነገር ግን እንግዳን ለመቀበል ቁራሹን የሚካፈል ተማሪና ስለ እያንዳንዱ ልጅ የሚጨነቅ መምህር ነበሩ። በክፍላችን አዲስ ተማሪ ሲመጣ፣ ወይም አንዱ ስለ አነጋገሩና ስለ አለባበሱ ሲሣቅበት፣ የስታንስን ሕፃናት ማስታወስ ይገባናል።

መልመጃ አንድ፦ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።

1. ፔስታሎዚ በልጅነቱ ከእኩዮቹ ጋር ሳይጫወት ያደገው ለምንድን ነው?
2. የኖይሆፍ የድሆች ልጆች ቤት የተዘጋባቸውን ምክንያቶች ዘርዝሩ።
3. የስታንስ አካባቢ ሕዝብ ፔስታሎዚን በጥርጣሬ የተመለከተው ለምንድን ነው?
4. ፔስታሎዚ የልጆቹን እሺታ ከሰማ በኋላ እንደገና ያስጠነቀቃቸው ለምን ይመስላችኋል?
5. በኢቨርዶን የጂኦግራፊ ትምህርት እንዴት ይሰጥ ነበር? ከዘዴው መሠረት ጋር አያይዛችሁ አስረዱ።

መልመጃ ሁለት፦ የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ካላቸው አገባብ ተነሥታችሁ ፍቺያቸውን ጻፉ፤ በእያንዳንዳቸውም አንድ አንድ አረፍተ ነገር ሥሩ።

ሀ. ተፋፍገው  ለ. ባይተዋር  ሐ. ጥሪት  መ. እጓለ ማውታ  ሠ. ይኮበልላሉ  ረ. ቅራኔ

መልመጃ ሦስት፦ በትምህርት ቤታችሁ አዲስ የሚገቡ ተማሪዎች ባይተዋርነት እንዳይሰማቸው ምን ሊደረግ እንደሚገባ በቡድን ተወያዩ። ከዚያም የተስማማችሁበትን አሳብ ከሁለት አንቀጽ ባልበለጠ ድርሰት ግለጹ።